አምስት ደቂቃና አራት ቀን

ነቀምት፣ ጥቅምት 12 ቀን 1962 ዓ.ም.

ውድ ዘርፈሽ፣

አካም ጅርታ? ጨመዳስ እንዴት ነው? ልጃችሁ ሌንሴስ? እኔ በጣም ደህና ነኝ፣ የፊት ጥርሴ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ከሚያስዘልለኝ በቀር። እሱንም በገዛ እጄ ነው ያመጣሁት፤ እንዴት እንዳመጣሁት ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዛሬ አሥራ ስምንት ቀኑ ነው። ሾፌሩ ተረፋ የጫነውን ቡና ሳያራግፍ ትምህርት ቤት ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ቆሜ ማንበብ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። ያ የጥርስ ሐኪም ነቀምት መመለሱን ሰምተሻል። ሌንሴ ስትስቅ አፏን በመዳፏ መሸፈን ጀምራለች ትያለሽ፤ የእሷ ጥርስ ነጭ ሆኖ ሳለ፣ ሰው ሲስቅ እንዲህ የሚያደርግ መስሏት ከአንቺ ቀድታ። ከዚያ ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጻፍሽ፦ «ጥርስ ማንጣቱ ይጎዳ አይጎዳ አንቺ መርምሪልኝ። ያልሽኝን አደርጋለሁ።»

ያልሽኝን አደርጋለሁ! አንቺ ልጅ፣ በዚህች ቃል ስንት ቀን እህል እንዳስጠላሽኝ ብታውቂ። መልሱን አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ይህ አምስተኛው ነው፤ አልቀደውም ብዬ ምያለሁ። ስለ ጥርሱ የምነግርሽ አለኝ፤ ከዚያ በፊት ግን የዛሬ ስድስት ዓመት የዋሸሁሽን ውሸት መናገር አለብኝ። ከሰማሽው በኋላ ላታነጋግሪኝ ትችያለሽ። እስከ ዛሬ አፌን የዘጋሁትም ይህንኑ ፈርቼ ነው።

እዚሁ ነቀምት፣ ጨለለቂ ሰፈር ከእትዬ ሸዋጌጥ ግቢ ተከራይተናት የነበረችውን ክፍል መቼም አልረሳሻትም። እሑድ ጠዋት አንቺ ነጠላሽን አጣፍተሽ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ እኔ መጽሐፌን ይዤ ወደ ሚሲዮኑ ጸሎት ቤት እንሄድና፣ ስንመለስ የማናችን ስብከት እንደረዘመ እንከራከር ነበር። እኔ እንደሆንኩ ታውቂኛለሽ፣ ጠያቂ ነኝ። ጉንዳን መራመድ ሲጀምር የትኛውን እግሩን እንደሚያስቀድም ካላየሁ ብዬ መሬት ላይ በደረቴ ተኝቼ አግኝተሽኛል። ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ግን ስለ ጥርስሽ አንድም ቀን አልጠየቅኩሽም። ያንን አልደፈርኩም።

ልብስ ስናጥብ ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። አባትሽ ለሥራ ዝዋይ አጠገብ ተመድበው ልጅነትሽን እዚያ የጉድጓድ ውሃ ስትጠጪ አደግሽ፤ የዚያ ሰፈር ልጅ ሁሉ ጥርሱ ሲወጣ ጀምሮ ቡናማ ነው፤ መፋቂያ ቢፍቁት፣ ከሰል ቢያሹት አይለቅም። እናትሽ ጥርስሽ ነጣ ብሎ እንዲታይ ብለው ድድሽን አስነቀሱሽ። የጠቆረ ድድ ነጩን ጥርስ ያደምቀዋል፤ ቡናማውንስ ምን ያደርገዋል? «ጭራሽ ግድግዳውም ጣሪያውም ጠቆረ» ብለሽ አፍሽን ሸፍነሽ ሳቅሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ፤ በሆዴ ግን አዝኜ ነበር።

በዚያው ዓመት መጋቢት ሲገባ የጨመዳ ሽማግሌዎች መጡ። በክረምቱ የመምህራን ሥልጠና ላይ ተያይታችኋል፣ አንቺም ወደሽዋል፣ አትክጂኝ። ግን ሁለቱን ወር ሙሉ ከንፈርሽን ገጥመሽ ነው ፈገግ ያልሽለት። ሽማግሌዎቹን «ለፋሲካ መልስ እሰጣለሁ» ብለሽ ሸኘሽና በሩ እንደተዘጋ ወደ እኔ ዞርሽ። «ካገባኝ በኋላ ጥርሴን አይቶ ፊቱ ሲለወጥ ማየት አልችልም። ካልነጣልኝ እምቢ እላቸዋለሁ። እዚሁ ከአንቺ ጋር እኖራለሁ» አልሽ።

አንቺ ያቺን የመጨረሻዋን ነገር እንዲሁ ነው የተናገርሻት። እኔ ግን ያዝኳት። እህት የለኝም፤ እናቴም በሕይወት የለችም። ከሥራ ስገባ «እህ፣ ዛሬስ ምን አገኘሽ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ።

ሐኪሙ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ያኔ ገና መምጣቱ ነበር። አዲስ አበባ አንድ አርመን የጥርስ ሐኪም ዘንድ ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ፣ የሙያ ወረቀቱን በመስተዋት አድርጎ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ ገበያው ጥግ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ወደ ደምቢዶሎ እሻገራለሁ ይል ነበር። አብረን ሄድን። አፍሽን አይቶ፣ ድድሽን ቫዝሊን እንደሚቀባልሽ፣ መድኃኒቱን በጥጥ ጥርስሽ ላይ እያሳረፈ አምስት አምስት ደቂቃ እንደሚያቆይ፣ በመሃሉ እንደሚያጥብሽ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ለሦስት ቀን እንደሚደጋግመው ነገረሽ። ከዚያ ስትወጪ ዓይንሽ እኔ ላይ ነበር። እሱን ማመን አቅቶሽ እኔን «አይጎዳም?» አልሽኝ። እኔ ምን አውቄ? ግን ልቤ ተነሳሳ፤ አጣርቼ እነግርሻለሁ አልኩሽ።

በማግስቱ ብቻዬን ሄጄ ሰውየውን በጥያቄ አደከምኩት። መድኃኒቱ ከምን ይሠራል? ቀለሙ ሲለቅ የት ይሄዳል? ጥርሱስ ይሳሳል ወይስ እንደነበረ ይቆያል? ሳይቆጣ መለሰልኝ። ጥርሱ ያልተሰነጠቀና ያልተበላ ከሆነ፣ ጊዜው ከተጠበቀ፣ ጥቂት ቀን ቀዝቃዛ ነገር ከማስጠላቱ በቀር ጉዳት አላየሁም አለ። ጊዜው ካለፈ ግን ኃላፊነት አልወስድም አለ። በመጨረሻ ሲሰለቸው ከመድኃኒቱ ጥቂት በፔኒሲሊን ብልቃጥ ቀድቶ፣ ጣትሽን እንዳይነካሽ ብሎ ሰጠኝና «መምህርት፣ ራስሽ ሞክሪውና እኔን ልቀቂኝ» አለኝ።

መሞከሩን ልሞክረው፣ ጥርስ ከየት ይመጣል? አንደኛ ክፍል ለሚያስተምር ሰው ይህ ችግር አይደለም። ልጆቹ የወተት ጥርሳቸው ሲወልቅ ቤት ጣሪያ ላይ ወርውረው፣ አሮጌውን ወስደሽ አዲስና ነጭ ስጪኝ ብለው አሞራን እንደሚለምኑ ታውቂያለሽ። እኔ ከአሞራዋ ቀድሜ ደረስኩ። ለአንዷ ልጅ አንድ እርሳስ፣ ለኦቦ ባይሳ ልጅ ለገቢሳም አንድ እርሳስ ሰጥቼ ሁለት ጥርስ አገኘሁ። ለማንም እንዳትናገሩ ብዬ ነበር፤ ልጅ ደግሞ እንዳትናገር ያሉትን ነው የሚናገረው።

ሁለቱን ጥርሶች እስኪጠቁሩ ድረስ ወፍራም ሻይ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው። አንቺ ሻዩ ለምን አንድ ሳምንት ተቀመጠ ስትይኝ ለሆድ ቁርጠት ነው ያልኩሽ እሱን ነው። ከዚያ የገቢሳን ጥርስ ሐኪሙ እንዳለው አምስት አምስት ደቂቃ እያቆየሁ፣ እያጠብኩ፣ ሦስት ጊዜ በመድኃኒቱ ነከርኩት። የልጅቷን ግን ብልቃጡ ውስጥ ጥዬው አራት ቀን ከረመ። የገቢሳ ጥርስ ነጣ፤ በመርፌ ብጭረው መርፌው አንሸራተተኝ እንጂ አልያዘም። የልጅቷ ደግሞ እንደ ጠመኔ ነጥቶ ነበር፤ መርፌው ሲነካው ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ዘርፈሽ፣ የዚያን ቀን ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርሽ! ነገሩ መድኃኒቱ ብቻ አይደለም፣ ጊዜው ነው። ሐኪሙ እውነቱን ነው። ሁለቱንም በወረቀት ጠቅልዬ፣ ከክፍል ስወጣ ሮጬ ላሳይሽ አሰብኩ። ይህን እመኚኝ፤ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ልዋሽሽ በልቤም አልነበረም።

የመጨረሻው ደወል ሳይደወል ኦቦ ባይሳ ዱላቸውን ይዘው ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። መቼም እሳቸው ሰላምታ አያሳጥሩም፤ እኔን፣ ትምህርቱን፣ ከብት የሌለኝን ሴትዮ ከብቶቼን ሁሉ ጠየቁኝና ከዚያ ወደ ነገራቸው ገቡ። የገቢሳ ጥርስ ከወለቀ ወሩ አለፈ፣ ምትኩ አልበቀለም። ልጁ ሲመረመር ጥርሱን ለመምህርቷ መስጠቱን አመነ። «መምህርት፣ አሞራዋ ያልተሰጣትን ከየት አምጥታ ትመልስ?» አሉኝ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም፣ በእውነት ጨንቋቸው ነው። ልጆቹ ሁሉ እኔን ያያሉ። ምን ላድርግ? ወረቀቱን ፈትቼ የገቢሳን ጥርስ መለስኩላቸው። ወደ ብርሃን አውጥተው አገላብጠው አዩትና፣ የልጄ ጥርስ እንዲህ አይነጣም፣ ይህ የሌላ ነው ብለው ሌላ ክርክር ጀመሩ። ምዬ ተገዝቼ ነው ያሳመንኳቸው። በዚያው ሄደው ራሳቸው ጣሪያቸው ላይ ወረወሩት። ሰኔ ላይ የገቢሳ ጥርስ በቀለ፤ ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ልጅ ጥርስ ሲወልቅ መጀመሪያ መምህርቷ ትጠበው የሚባል ነገር መጥቶ እስከ ዛሬ ደጄን ያንኳኳሉ።

እንዲህ ሆኖ ወደ ቤት ስመጣ ወረቀቱ ውስጥ የቀረው የተበላሸው ጥርስ ብቻ ነበር።

ከትምህርት ቤት ቤታችን ሩብ ሰዓት ነው። እስከ መንገዱ አጋማሽ እንዴት አድርጌ እንደማስረዳሽ እያሰብኩ ሄድኩ። ከዚያ አንቺ ያልሽው መጣብኝ፤ ካልነጣልኝ እዚሁ ከአንቺ ጋር እኖራለሁ። ቤት ስደርስ ልብስ እየተኮስሽ ነበር። «እህ፣ ዛሬስ ምን አገኘሽ?» አልሽኝ። ጥርሱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና በመርፌ ጫርኩት። ዱቄቱ ረገፈ። «ስንት ጊዜ ቆየ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

«እሱ እንዳለው» አልኩሽ።

ውሸቱ ይኸው ነው፣ ሁለት ቃል። ዱቄቱን በጣትሽ ነክተሽ «እንዲህም ይሆናል ለካ» አልሽና ወደ ካውያሽ ተመለስሽ። እኔ ለጤናዋ ብዬ ነው፣ ከተጎዳችስ፣ ጥንቃቄ ይሻላል እያልኩ ለራሴ ስሰብክ አመሸሁ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። እንድትቀሪልኝ ፈልጌ ነው። ለእኔ ብቸኝነት ስል የአንቺን ትዳር ሸጬ ልበላ ነበር፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ከዚያስ ምን ሆነ? ሳምንት ሳይሞላ፣ ፋሲካም ሳይደርስ፣ ለሽማግሌዎቹ እሺ ብለሽ ላክሽ። ጥርስሽ እንደ ቡናማነቱ ነው፣ ሐኪሙ ዘንድ አልታከምሽ፣ ምን ተገኘ? ያን ያህል ስጠይቅሽ «እንዲሁ ነው» ብለሽ ጉንጬን ስመሽኝ ሄድሽ። ጊምቢ የምትሄጂበት መኪና ላይ ስትወጪ አቅፈሽኝ አለቀስሽ። እኔ ካንቺ ብሼ አለቀስኩ፤ እትዬ ሸዋጌጥ «ይቺ ልጅ ምን ነካት፣ ሰው እንደሞተባት» አሉ። ናፍቆት ብቻ መስሏቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር መርምሬ ደርሼበታለሁ፤ ለምን እሺ እንዳልሽ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ አልገባኝም ነበር።

እንግዲህ ወደ አሁኑ። ደብዳቤሽ ከመጣ በአምስተኛው ቀን አቶ ሀብተጊዮርጊስ ዘንድ ሄድኩ። ሸብቷል፣ መነጽርም አድርጓል፤ ያ ወረቀት ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው። በዚህኛው ጊዜ በልጆች ጥርስ አልሞክርም ብዬ ወስኜ ነበር። አፍ የሌለው ጥርስ አመመኝ አይልም፤ ያኔ ይህን አላሰብኩትም። ስለዚህ የራሴን ጥርስ አንጣልኝ አልኩት።

ወዲያው አልጀመረልኝም። አንድ በአንድ እያንኳኳ፣ በመስተዋቱ እያየ፣ መንጋጋዬ ላይ የተበላ ጥርስ አገኘና ይህ ሳይሞላ መድኃኒቱን አላስጠጋም አለ። ሞላው፣ ሦስት ቀን አሳረፈኝ። ከዚያ ድዴን ቫዝሊን ቀባ፣ ከንፈሬን በጥጥ ለየ፣ ሰዓቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አምስት ደቂቃውን ቆጠረ፤ እኔም በልቤ አብሬው ቆጠርኩ፣ አላጭበረበረም። እንደዚሁ ሦስት ቀን። ሻይ የመሰለው የፊት ጥርሴ አሁን የነጭ ሽንኩርት ፍንካች መስሏል። ወተት አይደለም፣ ግን ነጭ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው እስከ ጆሮዬ ያመኛል፤ ከመጀመሪያው ቀን ግን ዛሬ ቀንሷል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል ብሎኛል።

ስለ አንቺም ጠየቅኩት። የአንቺ ቡናማ እንደ ሻይ ላዩ ላይ የተቀባ ሳይሆን ከጥርሱ ጋር ያደገ ስለሆነ ፈዘዝ ይል ይሆናል እንጂ ጨርሶ አይለቅም፤ አንዳንዱ ቦታ ነጥቶ አንዳንዱ ሊቀር ይችላል። ንቅሳትሽን አይነካውም። እርጉዝ ሴት አልሠራም ይላል፣ ካረገዝሽ አትደብቂው። ከአሥር ከሃያ ዓመት በኋላስ ጥርሱ ምን ይሆናል ብዬ ስጠይቀው፣ «አላውቅም፣ ያስተማረኝም ሰው አላወቀም» አለኝ። አላውቅም በማለቱ ይበልጥ አመንኩት።

አሁን ደግሞ ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። በሦስተኛው ቀን ወንበሩ ላይ ነኝ፤ አፌ በጥጥ ተሞልቷል፣ መድኃኒቱ ጥርሴ ላይ ነው፣ መናገር አልችልም። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሰዓቱን እያየ እንደ ዋዛ «ያቺ ጓደኛሽ ደህና ናት? ያን ጊዜ ጥርሱን ባሳየሻት ማግስት እኮ ብቻዋን መጥታ ነበር» አለኝ። አስቢው፣ እኔ ድርቤ፣ አንድ ጥያቄ እንኳ ማውጣት የማልችልበት ሰዓት ይህ ሆነ።

አንድ ጥርስ ዱቄት እስኪሆን ስንት ጊዜ ይፈጃል ብለሽ ጠየቅሽው አለ። ቢያንስ ሦስት አራት ቀን ነው አለሽ። ምናልባት ጓደኛሽ ተሳስታ አቆይታው ይሆናል ብሎም ሊያጽናናሽ ሞከረ። «ድርቤ ሰዓት አትሳሳትም» አልሽው። ከዚያ አፍሽን ሳትሸፍኚ ሳቅሽ፤ «ክፈቺ ሳልላት ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው» አለኝ። እንጀምር ወይ ሲልሽ ከወንበሩ ተነስተሽ እንዲህ አልሽው፦

«ተወው። ይህን ጥርሴን እያየች እንዲህ የሳሳችልኝ ሰው ካለች፣ ሌላም አይጠፋም።»

ጥጡን ሲያወጣልኝ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሰውየው መድኃኒቱ ያቃጠለኝ መስሎት ደንግጦ ውሃ በውሃ አደረገኝ።

አውቀሽ ነበር! አውቀሽ ነው ያቀፍሽኝ፣ አውቀሽ ነው በየዓመቱ ቅቤና ማር በተረፋ የምትልኪልኝ፣ አውቀሽም ነው አሁን መርምሪልኝ ብለሽ የጻፍሽልኝ። ተንኮለኛ፣ እውነቱን እንድናገር በሩን ከፍተሽ ቆመሽ ስትጠብቂኝ ነው የኖርሽው። አሥራ ስምንት ቀን ያስጠበቅኩሽ አፍሬ ነው።

መልሴ ይኸው ነው። ጥርሱ ጤነኛ ከሆነ፣ ጊዜው ከተጠበቀ፣ የሚያውቅ እጅ ከሠራው፣ ያማል እንጂ አይጎዳም፤ እስካሁን ያየሁት ይህ ነው፣ ከዚህ በላይ ያለውን እኔም እሱም አናውቅም። ተሠሪ አልልሽም፣ ተይውም አልልሽም። በአንቺ ጥርስ ላይ የመፍረድ መብቴን አጥቻለሁ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ እስከ ኅዳር አጋማሽ እዚህ ነው። ብትመጪ ከሌንሴ ጋር ነይ፣ አልጋዬ ይበቃናል፤ ሰዓቱን እኔ ይዤ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ባትሠሪም ነይ። ጨመዳ ጥርስሽን መጀመሪያ ያየ ዕለት ምን እንዳለሽ እስክትነግሪኝ ድረስ ዕረፍት የለኝም፤ ይህን እንኳ አትከልክይኝ።

ይቅርታ አልለምንሽም፤ አንቺ ገና ከዚያ ወንበር ስትነሺ ይቅር ብለሽኝ ሄደሻል። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ነጋቲ፣ እህቴ።

ልታስቀርሽ ዋሽታ የሸኘችሽ፣
ድርቤ